ወተትና እንቁላል

«ይሄ እኮ ማቶኬ፣ የሚቀቀለው ሙዝ ነው። ጣፋጩስ የት አለ?» ትላለች እናቷ፣ ባዶው አየር ላይ እጇን እየሰደደች።

ዓይኗን የሸፈነው ትልቅ ጥቁር መነጽር በኮምፒውተር የተሠራ ሱፐርማርኬት ውስጥ አስገብቷታል። እሷ የምታየውን ሁሉ ልጇ ሀይማኖትና ዶክተር ናንቶንጎ ጠረጴዛው ላይ ካለው ስክሪን ይከታተላሉ። ሐኪሟ አምስት ነገር እንድትገዛ አዝዛታለች፤ ሀይማኖት ናት ቃል በቃል የተረጎመችላት፦ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሳሙና፣ ወተት፣ እንቁላል።

ሀይማኖት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ውስጡ የምግብ ቤታቸው የወጥ ቤት ቁልፍ አለ። እናቷ ሁለት ጊዜ ጋዙን ሳትዘጋ ከሄደች በኋላ የቀማቻት ነው። አዎ፣ ቀማቻት፤ ሌላ ቃል የለውም። ያን ወጥ ቤት በሰው አገር ከምንም አንስታ ያቆመችው እናቷ ናት፤ ያለ እሱ ቀኑ አልመሽ ብሏታል። «የማስታወስ ምርመራውን ካለፍሽ እመልስልሻለሁ» ብላ ቃል ገብታላታለች። ማለፏን ከእናቷ ይልቅ የምትመኘው ግን ሀይማኖት ራሷ ናት።

ስክሪኑ ላይ ዳቦው ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ሙዙም ተገኝቶ ይከተላል። ሳሙናውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ መቼም ሽታ የለው፣ እሱንም ትጨምራለች። ወተቱ ፊት ትቆምና ታልፈዋለች። እንቁላሉንም ታልፈዋለች። ከዚያ ሂሳብ ተቀባይዋ ጋ ደርሳ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች፦ «እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ?» ኮምፒውተር የሠራት ልጅ ምን ትመልስ! «ሰላምታም አታውቅ ይቺ።»

«ሁለቱ ቀሩ» ትላለች ሐኪሟ በእንግሊዝኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሀይማኖት ወደ እናቷ ዘወር ትላለች። «እማዬ፣ ወተትና እንቁላሉስ?»

እናቷ መነጽሩን አውልቃ ሻሿን ታስተካክላለች። «ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ? በጾም ቀን ወተትና እንቁላል ተሸክሜ ልዙር?»

ሀይማኖት ሳቋ ያመልጣታል። ደስታ ነው የሚያስቃት። በእኛ እምነት ረቡዕና አርብ ወተትም እንቁላልም አይነካም፣ ረስታው ሳይሆን ትታው ነው ብላ ለሐኪሟ ትተረጉማለች። ዶክተር ናንቶንጎም ትስቃለች።

«ማሽኑ ይህን ከየት ይወቀው! ጃጃ እኛን ፈተነችን እኮ» ትላለች፣ አገሬው አያቶቹን በሚጠራበት ስም እየጠራቻት። ውጤቱን ልታስተካክል ወደ ኮምፒውተሩ ትዞራለች።

እናቷ መዳፏን ትዘረጋለች። «በይ፣ ቁልፌን።»

ሀይማኖት እጇን ቦርሳው ውስጥ ትከታለች። ከቁልፉ ቀድሞ ጣቷን የሚነካው ዘይት የጠጣ ወረቀት ነው። ጠዋት ማኪንድዬ ሰፈር ታክሲ ሲጠብቁ የገዙት፣ ሮሌክስ የሚሉት ምግብ መጠቅለያ። ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ የተጠቀለለውን እንቁላል ለሁለት ተካፈሉት፤ እናቷ የራሷን ጨርሳ ከሀይማኖት ድርሻም ቆርሳለች።

ደግሞስ የምን ጾም? ፋሲካ ገና ማለፉ ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም አርብም አይጾምም። ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት፤ በየዓመቱ «በሃምሳው ቀን ጾም የለም፣ ብሉ» እያለች ሰው ሁሉ ላይ የምትጮኸው እሷው ናት። ሀይማኖት ከደስታዋ ብዛት ይህን ማሰቡንም ዘንግታው ነበር።

«እማዬ» ትላለች ቀስ ብላ፣ «ጠዋት ምን በላን?»

እናቷ በትዝብት ታያታለች። «ዛሬ ምን ነካሽ? በጾም በጠዋቱ ምን ይበላል? እኔ ውሃም አልቀመስኩ።»

ዓይኗ ውስጥ ውሸት የለም። ቢኖርበት ሀይማኖት ምንኛ ደስ ባላት።

«ምን አለች?» ትላለች ሐኪሟ፣ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ እንዳሳረፈች።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ጋዙ ግን አለ። ሀይማኖት የእናቷን መልስ ትተረጉማለች፤ ሮሌክሱንም ፋሲካውንም ሳታስቀር። የሐኪሟ ፈገግታ ቀስ እያለ ይጠፋል።

እናቷ እንግሊዝኛው አልገባትም። መዳፏ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። ሀይማኖት ቁልፉን እዚያው ቦርሳው ውስጥ ትተወውና በዚያ መዳፍ ላይ የራሷን እጅ ታስቀምጣለች።

እናቷ ትስቃለች። «እጅሽን ምን ላድርገው? ቁልፌን እኮ ነው ያልኩሽ።»