የግራ እጅጌ

ልብስ በሰው እጅ መሰፋት ከቀረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አሁን የቀበሌው ማሽን በመዝገብ የሰፈረውን የሰውነት ልክ እያየ ይሸምናል። ከካንሰር የዳነ ሰው ልክ ደግሞ "ድኗል" በተባለበት ቀን ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ አይለወጥም።

ጡረተኛዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወሰንየለሽ ለልጇ ሰርግ የተሸመነላትን ቀሚስ ይዛ የቀበሌው አገልግሎት መስኮት ጋ ቆመች። የቤተሰቡ ሴቶች በሙሉ አንድ ዓይነት ጥለት ይለብሳሉ። የእሷ ግራ እጅጌ ግን ከክርኗ አላልፍ ብሏል።

"እትዬ፣ መዝገቡ ሁለቱም ክንድዎ እኩል ሠላሳ አንድ ሳንቲሜትር ነው ይላል" አለ ናታን፣ የመስኮቱ ሠራተኛ።

"የለካችሁኝ በጠዋት ነው። ክንዴን ትራስ ላይ ሰቅዬ ስላደርኩ እብጠቱ ጎድሎ ነበር። በካንሰሩ ምክንያት ከብብቴ ንፍፊቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ ቀን ቀን ያብጣል። የሠላሳ ቀን ልኬት ይኸው፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ።"

"ድነዋል እኮ! እግዜርን ማመስገን ነው እንጂ..."

"እግዜርን ቤቴ አመስግኜ ነው የመጣሁት። አንተን የጠየቅሁህ እጅጌ ነው።"

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ።

"የዳነ ሰው ልክ አይከፈትም" አለ ናታን። "ነጠላ ጣል ቢያደርጉበት ማን ያየዋል?"

ወሰንየለሽ ከቦርሳዋ መቀስ አወጣች። እጅጌውን ከትከሻው ቆርጣ ጣለችና ቀሚሱን ከልብሷ በላይ አጠለቀችው። ያበጠውን ክንዷን በመስኮቱ አስገብታ ሜትሯን ሰጠችው።

"ለካው።"

ናታን ሜትሩን አዞረ። "ሠላሳ ስምንት" አለ በሹክሹክታ።

"ሰልፉም ይስማ!"

"ሠላሳ ስምንት!"

"ጻፈው።"

"የሚጻፍበት ቦታ የለውም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ነገ ሰርጉ ላይ እንዲሁ እገባለሁ። እጅጌሽ የት ሄደ ለሚለኝ ሁሉ ማን እንደከለከለኝ እነግራለሁ። ናታን ማን ልበል?"