ሁለት ባለ ሰባ አምስት

ጣና ዳር ካለች አንዲት አነስተኛ ሆስፒታል ውስጥ ክንዱ የሚባል የመብራት ክፍል ኃላፊ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ፊውዝ ሲቀይር፣ ሞተር ሲፈታ የኖረ፣ ሥራውን እንደ ሚስት የሚወድ ሰው ነው። መቼስ ሚስቱን የሚወድ ይቀናል።

የሚቀናው በአካሉ ነበር። አካሉ ከፖሊቴክኒክ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ አገርነሽ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ታዲያ ሐኪሞቹ መብራት ሲጠፋ «አካሉን ጥሩት» ማለት ጀምረዋል። ክንዱ ይህን በሰማ ቁጥር እርር ድብን ይላል።

አንድ ሰኞ ጓድ ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ጠሯቸው።

«በፋኖስ ቁስል መስፋት ይብቃን። ሁለት መጠባበቂያ ጄኔሬተር ተፈቅዶልናል። ምን ያህል ኃይል እንደሚበቃን አስልታችሁ እስከ ዓርብ የየራሳችሁን ዕቅድ አምጡ። የተሻለው ከነስሙ አዲስ አበባ ይላካል።»

«ከነስሙ» የምትለዋ ክንዱን ወጋችው። ልጁ ከበለጠው ኃላፊነቱ አለቀላት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ይሉታል?» አለው አካሉ ሲወጡ።

«ይኼም ይጠየቃል? ኦፕራሲዮኑ፣ ራጁ፣ የክትባቱ ፍሪጅና የውሃ ፓምፑ ሲደመር አርባ ኪሎዋት። ለሁለት ክፈለው፤ ሁለት ባለ ሃያ!»

አካሉ አልተከራከረም፤ ማስታወሻው ላይ ጻፋት።

ማክሰኞ ለአካሉ ከአሥመራ ደብዳቤ መጣለት። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማነው?» አለ ክንዱ።

«አብሮ አደጌ ነው። ጎንደር ሳለ እንዲህ ያለ ዕቅድ ሠርቶ ተመርጦ ነበር።»

ይኸውላችሁ! ጓደኛው ተሾሞ፣ ይኸኛውም ሊከተለው ነው። ክንዱን የዚያን ቀን ምሳም አልወርድ አለው።

ረቡዕ አካሉ የመሳቢያውን ቁልፍ እንደሰካ ለምሳ ወጣ። ክንዱ ግራ ቀኙን አይቶ ሳበው። በእርሳስ የተሠራ፣ ስም ያልተጻፈበት ወረቀት አገኘ። ሁለት ባለ ሰባ አምስት ይላል፤ ፓምፑ ሲነሣ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ አንዱ ጄኔሬተር ቢበላሽም ሌላው ብቻውን ሁሉንም እንዲሸከም።

ክንዱን አመመው። እውነት ነዋ! ፓምፑ ሲነሣ አምፖሉ ሲደበዝዝ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ፤ ምነው አላሰብሁትም? አለ። ይኼ ትናንት የተወለደ ግን አስቦታል። ብዕሩን አወጣና አንዲት ቁጥር ሳያስቀር ገለበጠው፤ ከግርጌም ስሙን በትልቁ ጻፈ።

ዓርብ ዕለት «ሌባ!» ብሎ የሚጮህበትን ድምፅ እየጠበቀ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ የአካሉን ዕቅድ ገለጡ። ሁለት ባለ ሃያ!

«አንዱ ቢቆምስ ልጄ?»

«አላሰብሁትም» አለ አካሉ አንገቱን ደፍቶ።

ክንዱ ጆሮውን አላመነም። ልጁ ለምን እንደቀየረው ለመጠየቅ ግን ደስታው ፋታ አልሰጠውም። ጉድህ ፈላ፣ የተማርኸው! አለ በልቡ።

የክንዱ ዕቅድ ሲመረጥ አካሉ አልከፋውም። እንዲያውም ጸሐፊዋን ሙሉነሽን «የጋሼን ስም እስከ አያታቸው ጻፊው፤ ከሌላ ሰው እንዳይምታታ» አላት። ክንዱ ይህን ሲሰማ ትንሽ አፈረ። ክፉ ልጅ እንኳ አይደለም አለ።

በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። ሹም አቦ ሰፈር ያሉት ጎረቤቶቹ ሁሉ ሹመት ነው ብለዋል። ሚስቱ ሸዋዬ ሙሉ ልብሱን ተኩሳ አለበሰችው። ሠራተኛው ተሰበሰበ፤ አካሉ ልጅ ተወልዶለት ስለነበር ፈገግ እንዳለ ከኋላ ቆሟል። ሙሉነሽ ደብዳቤውን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«የዚህ ዕቅድ ነዳፊ ጓድ ክንዱ አለበል ዳኘው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ናቅፋ ግንባር ዘምተው የጦር ሜዳውን ሆስፒታል ጄኔሬተሮች እንዲተክሉ ታዝዟል።»