ጎተት የምትለው እግር

በምግብ ቤቱ አኮርዲዮኑ የአገሩን ጭፈራ ሜሬንጌን ሲጀምር፣ ከሳንቲያጎ በአንድ አውቶቡስ አብረዋት የመጡት ጡረተኞች የተጠበሰውን ዓሣ ትተው ለጭፈራ ተነሡ። አሮጊቷ ግን ከዘራዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ወንበሯ ላይ ቀረች። የሳንቶ ዶሚንጎን ምሽግም ካቴድራሉንም ያየችው «ፀሐዩ በረታብኝ» እያለች ከአውቶቡሱ መስኮት ነበር። ከታመመች ወዲህ ግራ እግሯን እየጎተተች ስትራመድ ሰው እንዲያያት አትፈልግም።

ሹፌሩ ዶን ኢላርዮ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቷ ቆመ። «ዶኛ፣ ወንበሩን ይዘውት ሊሄዱ ነው እንዴ?»

«እግሬ እሺ አይለኝም» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይጎተታል።»

እሱ ግን ከዘራዋን ተቀብሎ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለና ክንዱን ሰጣት። እንቢ ብትል ሰው ሁሉ ዞሮ ሊያያት ነው፤ ተነሣች። ከሰው መሐል ሲደርሱ አንገቷን ደፍታ ወለሉን አየች። የወንዱም የሴቱም ጫማ አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው እየተጎተተ ይከተለዋል። ከልጅነቷ ጀምሮ የጨፈረችው ጭፈራ ነው፤ ልብ ብላው ግን አታውቅም። እፎይ አለች፤ ትከሻዋም ላላ።

«ዶኛ» አላት ዶን ኢላርዮ ጥቂት ከጨፈሩ በኋላ፣ «ይጎተታል ያሉኝ እግር የትኛው ነበር?»

«እንጃ» አለችው። «ከሰው መሐል ጠፋብኝ።»