ፊቴን የገረፈኝ ፈረሰኛ

አለንጋው ፊቴ ላይ ሲያርፍ ካሜራው ዓይኔ ላይ ነበር...

ጉንጬ ተተረተረ።

ቦይ ውስጥ ወደቅኩ። ሁለት የጎድን አጥንቴ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የደሜን ጣዕም ብቻ ነው...

ፎቶ በፊልም የሚነሳበት ዘመን ነበር። ሰሜን አፍጋኒስታን፣ ማይማና። አርብ ነው፣ ቡዝካሺ አለ። ፈረሰኞች ራሱ የተቆረጠ ጥጃ ለመነጣጠቅ ይፋለማሉ። ጥርስ ይረግፋል፣ እግር ይሰበራል። ሕዝቡ ያጨበጭባል።

እኔ ፎቶ አንሺ መሆን እፈልግ ነበር። ካልሆነልኝ ጡብ ማቃጠያው ይጠብቀኛል። እዚያ አለቃው የሚያናግርህ በአካፋ ነው።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ኡስታ ቃዲር ሥራዎቼን ባየ ቁጥር ይስቃል።

"ይሄ ምንድነው?"

"ፈረሰኛ ነው፣ ኡስታ።"

"የፈረስ ቂጥ ነው! ዛሬም ቂጥ! አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ፊት የላቸውም እንዴ? አንድ ፊት አምጣልኝ፣ ሥራ እሰጥሃለሁ። ካላመጣህ ግን በሬን እንዳታንኳኳ።"

ካሜራዬ ሩቁን አያቀርብም። ስለዚህ እኔ ቀረብኩ...

ኤርጋሽ የሚባለው ፈረሰኛ ጥጃውን ይዞ ከአቧራው ውስጥ ወጣ። ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ካሜራዬን ሞላው። ቁልፉን ተጫንኩ።

ገረፈኝ።

የአጎቴ ልጅ ናዝር ቁስሌን ሲያይ የብረት ዘንግ አነሳ።

"የገረፈህን እጅ እንሰብረዋለን።"

"መጀመሪያ ፊልሙ ይታጠብ። ማስረጃ ነው።"

"ማስረጃውማ ጉንጭህ ላይ አለ፣ ሞኝ!"

ግን ጠበቀኝ።

ኡስታ ፎቶውን ከውሃው አወጣው። በዚህኛው አልሳቀም...

"ጥጃው የት አለ?" አለኝ።

ጣቱን ፎቶው ጥግ ላይ አሳረፈ። ጥጃው አየር ላይ ነበር። እየወደቀ...

"ጥጃ የያዘ ፈረሰኛ አለንጋውን በጥርሱ ነው የሚነክሰው። እጁ አይበቃውማ! አንተን ለመግረፍ ጥጃውን መጣል ነበረበት። የዕለቱ ሽልማት ግመል ነበር። አንተን ለመምታት ብሎ ግመል የሚጥል ማን ነው? ከኋላህ ምን ነበር?"

"አላየሁም..."

ወደ ኤርጋሽ ቤት ሄድን። ናዝር ብረቱን ኮቱ ውስጥ ይዟል።

ኤርጋሽ በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጣቶቹ ተሰባብረዋል።

"ማን ቀደመን?" አለ ናዝር።

"የምጋልበው ፈረስ ባለቤት ነው። 'ጥጃ የሚጥል እጅ ምን ይሠራልኛል' ብሎ።"

ናዝር መሬት መሬት ያይ ጀመር።

"ለምን መታኸኝ?" አልኩት።

"ጋላቢውን የጣለ ፈረስ ከኋላህ እየበረረ ነበር። በዚያ ጫጫታ ብጮህስ መቼ ትሰማለህ? አንዱን ዓይንህን ጨፍነሃል፣ ሌላውን ሳጥኑ ውስጥ ከተሃል... ታዲያ ከኋላህ ያለውን ማን ይይልህ? ቦዩ ውስጥ ባትወድቅ ኖሮ ዛሬ የምንተዋወቀው መቃብርህ ላይ ነበር።"

ፎቶውን ሰጠሁት።

በደህና እጁ ይዞ ብዙ አየው።

"አፍንጫዬ ይሄን ያህላል እንዴ?"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩት፤ ከዚያ በኋላ አንተ ማለት አፈርኩ።

ኡስታ ቃሉን ጠበቀ፤ ሥራ ሰጠኝ። ዛሬም ፎቶ የማነሳው ሁለቱንም ዓይኔን ገልጬ ነው።

በሕይወቴ ብዙ ሰው መትቶኛል። አብዛኞቹ ሲመቱኝ ከእጃቸው የወደቀ ነገር የለም። እነሱን አላመሰግንም።

ኤርጋሽ ግን ግመሉንም ጣቶቹንም ከፍሎ ነው የመታኝ።

የሕይወት ትምህርቱ አጭር ነው፦ ብረት ከማንሳትህ በፊት ፎቶውን እስከ ጥጉ እየው።

እናንተስ... ያቆሰላችሁ ሰው እናንተን ለማትረፍ ምን እንዳጣ ዘግይታችሁ ያወቃችሁበት ጊዜ አለ? ሰውየው ማን ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉት...