ጋቢ የለበሰው ፍግ

የግብርና ባለሙያዋ ለሰውየው አስረግጣ ነግራዋለች፤ ትኩስ የላም እበት ሰላጣ ላይ አይደረግም። መጀመሪያ ተከምሮ፣ ግሎ፣ በደንብ መብላላት አለበት። ጀርሙን የሚገድለው ሙቀቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ከጓሮው አልጠፋም። ክምሩን ብርድ እንዳይመታው የሚስቱን ጋቢ አለበሰው። ሚስቱ "እኔንም ብርድ ብርድ ይለኛል" ብትለው፣ "እስኪብላላ ታገሺ" አላት። መሀሉ ላይ የሰካውን ዱላ ጠዋት ማታ እየመዘዘ በጉንጩ ይለካዋል። ከእድር ስብሰባም ቀረ።

በአጥር ቀዳዳ ያየ ጎረቤት፣ ጋቢ ለብሶ የተኛ በሽተኛ እንዳለ ለሰፈሩ አወራ። እትዬ ወይንሸት ብርቱካን ገዝተው፣ እድርተኛውን አስከትለው መጡ።

"እግዜር ይማርልን! የታመመው ማነው?"

"ማንም አልታመመም" አለና ወደ ጓሮ ወሰዳቸው። መመለሱ ነውር ሆኖባቸው ክምሩን ከበው ቆሙ። ሰውየው ዱላውን መዞ ለእትዬ ወይንሸት አቀበላቸው።

"እስቲ ይዳስሱት።"

"ይሞቃል" አሉ ዳስሰው።

ሚስቱ ነጠላ ተከናንባ ውሃ አመጣችላቸው። እትዬ ወይንሸት ብርጭቆውን ሲቀበሏት ጣቷ ነካቸው። ዱላውን እንደገና ዳሰሱት፤ ቀጥለው የሚስቱን ግንባር።

"ኧረ አንተ ሰው፣ ከዱላህ ይልቅ የምትግለው እሷ ናት!"

ሰውየው ክው አለ።

"ቀዝቅዟል ማለት ነዋ!" አለና ነጠላውን ከሚስቱ ትከሻ ገፎ ክምሩ ላይ ደረበው።