ለአጎቴ ነው

ሽታው ከቆርቆሮው ቀድሞ ደረሰ። ጁማ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ አሻቅቦ ተመለከተ። የባለመድኃኒቱ ሚስት ትበርህ፣ ከቤቱ ኋላ አህያዋ ከታሰረችበት በኩል፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች ትመጣለች። የያዘችው ቆርቆሮ ቢጫ አረፋ ደፍቷል፤ በጠዋቱ ብርድ ይጨሳል። ነጭ ሽንኩርቱንና የፍየሉን ሐሞትማ ከመጀመሪያውም ያውቃቸው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠጣው ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ግን ገና አሁን ገባው።

ከአስመራ ወጣ ብላ ባለችው ዓዲ ኣበይቶ፣ በባለመድኃኒቱ በኣቦይ ዘርአብሩክ ግቢ፣ አንድ አግዳሚ ላይ ዘጠኝ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። ዘጠኙም ሽንት እምቢ ብሏቸዋል፤ ብትጠይቃቸው ግን አንድም የታመመ የለም። አንዱ ለአማቹ ነው የመጣው፣ አንዱ ለጎረቤቱ። ኣቦይ ዘርአብሩክ ደግሞ መድኃኒቴ ከግቢ ከወጣ ይበላሻል ባይ ስለሆኑ፣ ለዘመድ የመጣ በዘመዱ ስም እዚሁ ይጠጣል። ጁማ የሚጠጣው ለአጎቱ ነው። አጎቱ ወሎ ከተቀበሩ አስራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። አይ የወንድ ልጅ ነገር።

እውነቱን ጣሊያኑ ሐኪም ነግሮታል። ከፊኛህ ስር ያለችው እጢ ነቀርሳ ይዟታል፤ ነቀርሳውን የሚቀልበው ቆለጥህ ነው፤ እሱን ካወጣንልህ ሕመሙ ይቀልልሃል፣ ዕድሜም ታገኛለህ ብሎታል። አልጋው ለነገ ሐሙስ ጠዋት ተይዟል፤ ከቀረ ለሌላ ሰው ይሰጣል። "በስተርጅና ልሰለብ?" ሲላት ሚስቱ ቀድሪያ፣ "እኔ ያገባሁት አንተን ነው፤ ሂድና ተርፈህ ና" አለችው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጁማም አስመራ፣ ቃሓውታ ሰፈር ያለውን ሻሂ ቤቱን ዘግቶ ይኸው እዚህ ተቀምጧል።

ከጎኑ ያለው ሃብተጽዮን ነው፤ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ የነበረ፣ ዛሬም ከረባት የማይለየው ንጹሕ ሰው። ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ስም የተጻፈበትን አናቱን ወደ ኋላ አጥፎታል።

"ጁማ ሓወይ፣ ፊደሉንስ አነበብኩት፤ ቋንቋው ነው የያዘኝ። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ ሆስፒታሉም በአማርኛ ብቻ ሆነ። የወንድሜ ነው። ምን ይላል?"

ጁማ ማጠፊያውን ሳይነካ አነበበ። "ነገ ጠዋት ለኦፕራሲዮን ይቅረቡ ይላል።"

"እወ። እነግረዋለሁ" አለ ሃብተጽዮን፣ ግራጫ ሱሪው ላይ የወጣውን ቀይ እርጥበት በባርኔጣው እየሸፈነ።

ጣሳው ተቀድቶ መዞር ጀመረ። ጣሳው አንድ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሽማግሌ "በአማቼ ስም" ብሎ ጠጣና ግማሹን ጢሙ ላይ አስመለሰው። ትበርህ ጢሙን በጨርቅ ጠርጋ፣ በዚያው ጨርቅ የጣሳውን ከንፈር ጠረገች። ጁማ ጋ ሲደርስ አፉ ምራቅ ሞላ፤ ጣሳውን መልሶ አወረደው። ሱብሂ ሰግዶበት በመጣ አፉ እንዴት ይጠጣው?

"ኣቦይ፣ ይሄ የአህያ ሽንት ነው።"

ዘርአብሩክ አልተቆጡም። "እወ። ታዲያ ሽንት የዘጋውን ምን ይከፍተዋል ብለህ ነው?"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ጁማ ብድግ አለ።

"አጎቴ ከሞተ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ነጂስ ተጋትኩ፤ ደሙ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ነገ ሄጄ እሰለባለሁ። እናንተም ሁላችሁም ታማችኋል፤ ተነሡ እንሂድ።"

ጁማ ደረቱ ቀለል አለው፤ ከነጭራሹ ጠጥቶ የማያውቅ ያህል አፉ ራሱ የጸዳ መሰለው። ዘርአብሩክ ግን በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለካ ለዚህ ነው። ሦስት ሳምንት በሞተ ሰው ስም ጠጣህ። መድኃኒቴ መቃብር ወርዶ ቀረ፤ አንተን በየት ያግኝህ? በራስህ ስም ሰባት ቀን ብትጠጣ ይሠራልሃል።"

ምን ዓይነት አፍ ነው፣ አለ ጁማ በልቡ። ሌሎቹም እንደሱ ይጸየፋሉ ብሎ ዞረ። ሃብተጽዮን ተነሥቷል፤ ፊቱ ምሕረት እንደወረደለት እስረኛ በርቷል።

"ኣቦይ፣ እኔም ወንድም የለኝም። እኔ ነኝ። እንደ አዲስ ልጀምር?"

መልስ ሳይጠብቅ ጣሳውን ተቀበለ። ያ ንጹሕ ሰው የሆስፒታሉን ወረቀት አጣጥፎ የጣሳውን ከንፈር ወለወለበትና ጨለጠ። "አማቼ ደህና ነው፤ በሽተኛው እኔ ነኝ" አለ የመጀመሪያው። "ጎረቤቴንም ምንም አልነካው" አለ ሌላው። ለሚስቶቻቸው እንኳ ያልተነፈሱ ሰዎች በየተራ ስማቸውን እየጠሩ፣ እየተጋፉ፣ ከዚያው ጣሳ ይጠጣሉ። የአንዱ ትውከት የሌላውን ጫማ አርሷል፤ ወደ ታች የሚያይ የለም።

ጁማ ምራቁን ተፍቶ ወደ በሩ ሄደ። ከብቶች ናቸው፣ አለ። ሽንታም ከብቶች። የበሩን እንጨት ጨብጦ ቆመ። ወደ አስመራ የሚወስደው አውቶቡስ ከታች መንገዱ ላይ ጥሩምባውን ይነፋል።

ሰባት ቀን ብቻ። እውነትም እኮ በራሱ ስም አንድም ቀን አልጠጣም።

አውቶቡሱ ሄደ። ጁማ ተመልሶ የሰልፉ ጭራ ላይ ቆመ፤ ጋቢውን ከአፍንጫው ላይ አወረደ። ተራው ሲደርስ ዘርአብሩክ ከቆርቆሮው ስር የቀረውን ዝቃጭ አንጠፍጥፈው ቀዱለት።

"በማን ስም?"

"በጁማ" አለና ሁለት እጁን ዘረጋ። ጣሳው ገና ሞቅ ያለ ነበር።