ስምንት ወር ያስቸገረችው ቀይ መብራት

«አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽን ከመኪናዬ አንሺ... የባቄላ መፍጫሽ መሰለሽ?»

እንዲህ ያለው ፈንታሁን ነው።

ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ሚኒባሱ ቀጥ ብላበታለች።

ከኋላ ወንበር ሚስቱ ጽጌረዳን ምጥ ይዟታል... አዋላጇ «ልጁ በእግሩ ነው የመጣው፣ ቶሎ ንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት አድርሳት» ብላዋለች።

እሱ ግን አሁንም የሚጨነቀው ለክብሩ ነው።

የፈንታሁን ኩራት እኮ... የመኪና ቁልፍ ከያዘ ወዲህ አገጩን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ስለሚሄድ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ በአፍንጫው ይገባ ነበር አሉ።

ከመሪው ፊት ያለችው የባትሪ ምልክት፣ ያቺ ቀይ መብራት፣ ስምንት ወር አሳሩን አብልታዋለች።

ሁለት ባትሪ ቀየረ... ዲናሞ ቀየረ... ባሕር ዳር ወስዶ በኮምፒዩተር አስመረመራት... ኮምፒዩተሩም ታከተው።

ባለሙያዎቹ ሠርተው ሲሰጡት ትጠፋለች... ቤቱ ገብቶ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ቦግ።

«ሁሉም ደደብ ናቸው» ይላል ፈንታሁን።

ወይዘሮ ደጊቱ ሃያ ዓመት ወፍጮ ያሽከረከረች ሴት ናት። ከሽፋሽፍቷ እስከ ጫማዋ ዱቄት ለብሳለች። እናቱ የምትሆነውን ሴት አንቺ ሲላት ሰምታ እንዳልሰማች፣ ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለች።

አሸተተች።

«ቅቤ ቅቤ የሚሸት መኪና ዛሬ ገና አየሁ...»

ሞተሩን ከዲናሞው ጋር የሚያያይዘውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በጣቷ ነካችው። ጣቷ ሙልጭ አለ።

«ይሄን ማነው የቀባው?»

ፈንታሁን የሞተሩን ክዳን ሊዘጋ እጁን ሰደደ።

ከኋላ ጽጌረዳ በምጧ መሀል ተነፈሰች፦

«ራሱ ነው፣ እትዬ ደጊቱ... በየእሑዱ... የአባቱ የቀንበር ምራን፣ ያ የቆዳ ጠፍር፣ በቅቤ ይለሰልስ ስለነበር፣ ይሄም እንዳይደርቅበት ብሎ... ተው ስለው "የሴት አእምሮ ሞተር ውስጥ አይገባም" አለኝ...»

«ለባለሙያዎቹስ ነግሯቸዋል?»

«ማን... እሱ?»

ደጊቱ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ስማ ልጄ... ምራን ያስራል፤ ቺንጋ ግን ጨብጦ ነው የሚያዞር። ቅቤ ቀባኸው፣ ተንሸራተተ። ዲናሞው በወጉ አልዞረ... ባትሪህ ተራበ። መብራቷ ስምንት ወር እሪ ያለችው ለዚህ ነው።»

ቺንጋውን አወለቀች... የቅቤ ቅል እንደሚታጠብ በአመድና በውሃ ፈተገችው... አድርቃ መለሰችና ወጥራ አሰረችው።

እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሰዎች ሚኒባሷን ቁልቁል ገፏት። ሞተሩ ተነሣ።

ቀይዋ መብራት... ድርግም።

ፈንታሁን «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ ሳይል ነዳ።

ንፋስ መውጫ ደረሱ። ሐኪሞቹ ተረባረቡ... ጽጌረዳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ሁለቱም አይተርፉም ነበር አሏት።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ አወቀ የሚባል ጓደኛው ጠየቀው፦

«ያቺን መብራት ማን አጠፋልህ?»

«ማን ያጠፋልኛል... ራሴ ነኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩና ደረስኩበት።»

ጽጌረዳ ከአልጋዋ ሆና በመስኮት ሰማችው።

ማታ ዘመድ ተሰበሰበ። ልጅቱን ማን እንበላት ተባለ። አማቷ ሦስት ስም አዘጋጅተው መጥተዋል፣ ፈንታሁን አራት።

ጽጌረዳ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣

«ደጊቱ ናት» አለች... «የማን ስም እንደሆነ አባቷ ይንገራችሁ።»

ሁሉም ወደ ፈንታሁን ዞረ...

ያን ቀን አገጩ መሬት ነካ።

ዛሬ ያ ኩሩ ሰውዬ ልጁን «ደጊቱ ነይ... ደጊቱ እባክሽ... ደጊቱ እሺ በይኝ» እያለ በቀን መቶ ጊዜ ሲለምን ይውላል።

ትምህርቱ፦ ጥፋቱን የሚደብቅ ሰው ሺህ ባለሙያ ቢያመጣም አይድንም። የረዳውን ሰው የሚክድ ደግሞ ከተበላሸ መኪና ይብሳል... መኪናስ ቢያንስ ቀይ መብራት ያበራል።

እስቲ እናንተ... ሰው ደክሞላችሁ «ራሴ ነኝ» ያላችሁበት ቀን የለም? የዚያን ሰው ስም ዛሬ ኮሜንት ላይ ለመጻፍ ወኔው ያለው ማነው?